የመጨረሻው ተጓዥ የሚደርስበት ሰዓት፦ ስለ አንድ ቀን ረጅም የብስክሌት ጉዞ ዝግጅት

ለሰበካ ጉባኤያት ሥራ አስፈጻሚዎች፣ ለካህናትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች በተዘጋጀ የምክክር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ወጣቶቻችን ለምንጭ ማጎልበቻ፣ ለችግኝ ጣቢያ ወይም ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ርዳታ ለማሰባሰብ በአንድ ቀን ረጅም መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ ፈቃድ ሲጠይቁን ደስ ይለናል። ጉልበታቸውን ለበጎ ሥራ ማዋላቸው የሚያስመሰግን ነውና። ይሁን እንጂ ማመልከቻው በጉባኤው ፊት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሸሚዙ ቀለም፣ ስለ ሰንደቁ ጽሑፍና በሽኝቱ ላይ ስለሚገኙት እንግዶች ነው። «የመጨረሻው ተጓዥ በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። የዛሬው ንግግራችን በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ጥያቄውን የተማርነው ከራሳችን ጥፋት ነው። ባዘጋጀነው የመጀመሪያ ጉዞ 32 ወጣቶች ተነሡ። ብርቱዎቹ ቀድመው ሄዱ፤ መካከለኞቹ ተበታተኑ፤ አጃቢዋ መኪናም የፊተኞቹን ፎቶግራፍ ለማንሳት ወደ ፊት ገሠገሠች። ማምሻውን ከመድረሻችን ስንገባ የደብሩ እናቶች በተሳታፊው ቁጥር ልክ እራት አሰናድተው ይጠብቁን ነበር። ጸሎት ተደርጎ፣ ገበታው ቀርቦ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አንድ ሳህን ተረፈ። አንዲት እናት «ይህስ የማን ነው?» ብለው እስኪጠይቁ ድረስ ከመካከላችን ሰው መጉደሉን ያወቀ አልነበረም።

ልጁን ያገኘነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከመነዳሪው ፈንድቶበት በመንገድ ዳር ተቀምጦ ሳለ አንድ ገበሬ አይተውት ወደ ቤታቸው አስገብተው፣ ቡና አጠጥተው፣ እሳት ዳር አስቀምጠውት ነበር። መኪናዋ ከቀትር በኋላ በአጠገቡ ስታልፍ ለምን እንዳላስቆማት ጠየቅነው። «በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ብር ሊሰጡ ቃል የገቡ ሰዎች አሉ፤ መኪና ላይ ከወጣሁ ገንዘቡ የሚቀር መስሎኝ ደኅና ነኝ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ» አለን። በዚያች ሌሊት የተመለስነው እግዚአብሔርን እያመሰገንን፣ በራሳችንም እያፈርን ነበር። ልጁን ያዳነው የኛ ዝግጅት ሳይሆን የአንድ ገበሬ ቸርነት ነውና።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጉዞ የምናቅደው ከፊተኛው ሳይሆን ከኋለኛው ተጓዥ ተነሥተን ነው። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ወጣቶቹ ከሐዋሳ ተነሥተው በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነጌሌ፣ ቀድሞ ዝዋይ ይባል በነበረው በባቱና በመቂ በኩል አልፈው በአንድ ቀን ሞጆ ለመግባት አሰቡ እንበል። መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በጥር ወር ማብቂያ በዚያ አካባቢ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። እንግዲህ በእጃችን ያለው ብርሃን ከ12 ሰዓት ጥቂት ያነሰ ነው።

አሁን እንቁጠር። በልምምድ ጊዜ የመጨረሻው ተጓዥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 200 ኪሎ ሜትር የሚፈጅበት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ለአራት አጫጭር ማረፊያዎች ሀያ ሀያ ደቂቃ፣ ለምሳ ደግሞ አንድ ሰዓት ብንጨምር 15 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ፍጥነቱን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ከፍ ብናደርገው እንኳ ከነዕረፍቱ 12 ሰዓት ከ20 ይፈጃል። በሁለቱም ስሌት ጨለማ በመንገድ ላይ ይደርስብናል። መብራት የሌለው ብስክሌት፣ ከባድ መኪናና ወደ በረት የሚመለስ ከብት በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙበትን ሰዓት ለልጆቻችን ልንመርጥላቸው አይገባም።

ስለዚህ መንገዱን ማሳጠር ግድ ነው። ጉዞው ባቱ ላይ ቢያበቃ ርቀቱ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር 7 ሰዓት ከ40፣ ከነዕረፍቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 የተነሣው የመጨረሻ ተጓዥ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ45 ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት የሚተርፈው አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለጎማ መፈንዳት፣ ለነፋስና ላላሰብነው ነገር ሁሉ መጠባበቂያ ይሆናል። አንዳንድ ወጣቶች «ሁለት መቶ ብለን ካስነገርን በኋላ እንዴት እንቀንሳለን?» ይሉ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ ቀድሞ ከማስነገር ቀድሞ መቁጠር ይሻላል።

አቅጣጫውም ቢሆን በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አርሲ ነጌሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ላንጋኖና ወደ ባቱ ሜዳ ይወርዳል። ከሐዋሳ የተነሣ ሰው ዳገቱን በማለዳው ቅዝቃዜ፣ ጉልበቱ ሳይደክም ይጨርሰዋል። ከባቱ የተነሣ ግን ያንኑ ዳገት የሚያገኘው በቀትር ፀሐይ፣ ከደከመ በኋላ ነው። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ድካሙ አንድ አይደለም።

የቀኑን ምርጫ በተመለከተ አባቶች ካህናት ቀዳሚ ድምፅ ሊኖራችሁ ይገባል። ክረምቱ ለመንገድ አይመችም። በጥቅምት አየሩ ያማረ ቢሆንም፣ የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ሆኖ ሳለ የሚጾሙት ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እህል ውኃ ሳይቀምሱ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት መንዳት ራስን ስቶ በመኪና ፊት መውደቅን ያስከትላል። ወጣቱ ጾሙን ከማፍረስና ጤናውን ከመጉዳት አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድም ተገቢ አይደለም። በእኛ አስተያየት ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ ጾመ ነነዌ ከመግባቱ በፊት ያለ ቅዳሜ ይመረጣል፤ ሰማዩ ደረቅ፣ ማለዳው ቀዝቃዛ፣ ቀኑም ከጾም ነጻ ነው። እሑድ ለቅዳሴና ለዕረፍት ይተርፋል። በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች የገበያ ቀን አስቀድሞ መጠየቅም አይረሳ።

በጋራ የመጓዝን ሥርዓት በተመለከተ ከሌሎች የምንማረው አለ። በ1897 እ.ኤ.አ. 12 ጣሊያናውያን ብስክሌተኞች ከሮም ተነሥተው 230 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ኔፕልስ በአንድ ቀን ብርሃን ለመድረስ ጉዞ አደረጉ። ከዚያ የተወለደው አውዳክስ የሚባለው የጉዞ ልማድ፣ ስሙ በላቲን ደፋር ማለት ነው፣ በኋላ በፈረንሳይ ሥርዓት ተበጅቶለት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ልማድ ሁሉም በአንድነት ይጓዛሉ፤ ከፊት የሚሄዱ መሪዎች በሰዓት 22.5 ኪሎ ሜትር የሆነውን ፍጥነት ይጠብቃሉ፤ ማንም ሰው መሪውን አይቀድምም። ልብ በሉ፤ የመሪው ሥራ ፈጣኖቹን ማስሮጥ ሳይሆን መግታት ነው። ስሙ ደፋር ቢሆንም ሥርዓቱ ትዕግሥት ነው።

እኛም ይህን ለአቅማችን እንዲስማማ አድርገን ወስደነዋል። 24 ተጓዦች ቢኖሩ በአራት ጓድ ስድስት ስድስት ሆነው ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ጓድ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን ይኖረዋል። በየጓዱ ውስጥ ያሉት በአንድ መስመር፣ የመንገዱን ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ሆኖ መጨዋወት አይፈቀድም። በጓድና በጓድ መካከል ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ተራ በተራ ቀድሞ የሚገባበት ሰፊ ክፍተት ይተዋል። አጃቢዋ መኪና ከመጨረሻው ጓድ በስተኋላ እንጂ በፊት አትሄድም፤ ለፎቶግራፍም ቢሆን ቦታዋን አትለቅም። በየማረፊያው ደጀኖቹ ሰዎቻቸውን በስም ይጠራሉ። ቁጥሩ ካልሞላ ማንም አይነሣም።

ደጀን የሚሆነው ሰው አመራረጥ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ብርቱውን መሪ፣ ደካማውን የኋላ እናደርጋለን። ይህ ስሕተት ነው። ደጀን ጉልበቱ የተረፈው፣ ጎማ መጠገን የሚችል፣ ዓይነ አፋሩ ልጅ ሳይፈራ «ደከመኝ» ሊለው የሚችል ሰው ሊሆን ይገባል። በተጨማሪም ጉባኤው አንድን ተጓዥ ከብስክሌት አውርዶ መኪና ላይ የማሳፈር ሥልጣን በጽሑፍ ይስጠው። ይህን ሥልጣን የሰበካው ሊቀ መንበርም ሆኑ አስተዳዳሪው በመንገድ ላይ አይሽሩት። በአንድ ጉዞ ላይ ሁለት አዛዥ ካለ የሚጎዳው መሐል ያለው ልጅ ነው።

ደጀኑ ያለ ጭቅጭቅ እንዲወስን የመቁረጫ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰናል። በምሳሌያችን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ አርሲ ነጌሌን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቡልቡላን ያላለፈ ተጓዥ ከዚያ በኋላ በመኪና ይጓዛል። ይህ በሽኝቱ ቀን ሳይሆን ምዝገባው ሲጀመር ይነገር። አስቀድሞ የሚታወቅ ሕግ ማንንም አያዋርድም፤ በመንገድ ላይ የሚወጣ ትእዛዝ ግን ያስቆጣል።

ከዚህ የተነሣ የገንዘቡን አሰባሰብ ቀይረናል። ለጋሾች ቃል የሚገቡት በኪሎ ሜትር ሳይሆን ለጉዞው በጠቅላላ እንዲሆን እንጠይቃለን። በኪሎ ሜትር የተገባ ቃል የደከመውን ልጅ በኮርቻው ላይ አስሮ ያስቀምጠዋል። ያን ልጅ መኪናዋን ከማስቆም የከለከለችው እኛው የጻፍናት ቅጽ ነበረች።

ውኃውም እንደ ሰዓቱ ይቆጠር። በሞቃት ቀን ለአንድ ተጓዥ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። በ10 ሰዓት ስድስት ሊትር ብንይዝለት ለ24 ሰው 144 ሊትር ይሆናል፤ ከነመጠባበቂያው ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጫን ይበቃል። ውኃ ብቻውን ስለማይበቃ ጨው ያለበት በሶ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ። ምሳው ቀለል ይበል፤ ግብዣው ለማታ ይቆይ።

ብስክሌቱ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይመርመር፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሰንሰለቱና ኮርቻው። በየጓዱ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪና አንድ መንፊያ ይያዝ። የራስ መከላከያ ቆብ የሌለው አይነሣ። ልምምዱ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይፍጅ፤ በ30 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ 80 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ከፍ ይበል። የመጨረሻው ተጓዥ እውነተኛ ፍጥነት የሚታወቀው በዚህ ልምምድ ነው፤ በግምት የተያዘ ፍጥነት ስሌቱን ሁሉ ያፈርሰዋል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በየከተማው ላለው የትራፊክ ፖሊስና በመንገዱ ላይ ላሉ ጤና ጣቢያዎች አስቀድሞ ደብዳቤ ይድረስ።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፤ የወጣቶቹ ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ስለ ሸሚዙ ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጠይቁ። የመጨረሻው ተጓዥ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ስንት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል? ደጀኑ ማን ነው፣ ሥልጣኑስ በጽሑፍ ተሰጥቶታል? መኪና ላይ የወጣ ልጅ ገንዘብ ወይም ክብር ያጣል? መልሱ ከተሟላ በደስታ መርቃችሁ ሸኙአቸው። ካልተሟላ ግን ማመልከቻውን መመለስ የወጣቶቹን ቅናት ማብረድ አይደለም፤ እነርሱን መጠበቅ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞአችን ማምሻውን ተጓዦቹ ሲገቡ ገበታ ከመቅረቡ በፊት በስም እንጠራቸዋለን። ሁሉም «አቤት» ሲሉ ከሰማን በኋላ ጸሎት ይደረጋል፤ እናቶችም ያቀርባሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።