ከ«ሳንኮፋ» ጀርባ የቆሙት

አድማጮቻችን፣ ፊልም አልቆ የስም ዝርዝሩ መውረድ ሲጀምር አብዛኞቻችን ብድግ እንላለን። ዛሬ እስኪ ቁጭ ብለን እናንብበው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ነው።

ደራሲውም ዳይሬክተሩም የጎንደር ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ፕሮዲዩሰርነቱን የተጋሩት ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ናቸው፤ እሳቸውም ፊልም ሠሪ። ያለ ትልልቅ ስቱዲዮ ድጋፍ በሚሠራ ፊልም ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል፣ ክፍያው ግን የአንድም ላይሞላ ይችላል።

ወደ ተዋንያኑ እንምጣ። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሞናን የምትጫወተው ኦያፉንሚኬ ኦጉንላኖ ናት። ሻንጎን የሚጫወተው ሙታባሩካ ደግሞ ጃማይካዊ ገጣሚ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ በፊልሙ ውስጥ ጋና በሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ከበሮ የሚመቱት አዛውንት ናቸው። ኮፊ ጋናባ በእውነተኛ ሕይወታቸውም ስመ ጥር ከበሮ መቺ ነበሩ። እጃቸውን ብቻ ተመልከቱ፤ ለካሜራ ሲባል የተጠና ምት አይደለም።

ፊልሙ ተሠርቶ አለቀ፤ የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አንፈልግም አሉ። ባልና ሚስቱ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ማኅበረሰብ እያስተባበሩ፣ ከተማ ለከተማ አዞሩት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ሰዉም ተሰለፈ። የእነዚያ አስተባባሪዎች ስም ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ለእኔ ግን ከሠራተኞቹ እኩል ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባልና ሚስቱ በፊልሙ ስም የከፈቱት የመጻሕፍት መደብር አለ። ጎራ ካላችሁ ቡናም ታገኛላችሁ።