ሸክሙ የማን ነው?



በዚህ ሳምንት ወጣቶቻችን የጆን ቡንያንን የክርስቲያን ጉዞ፣ የአማርኛውን ትርጉም፣ አብረው ማንበብ ይጀምራሉ። አንድ አባት ጠሩኝና፣ “ፓስተር፣ ቃሉ እያለ ልብ ወለድ ምን ያደርግልናል?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን ነቢዩ ናታን ዳዊት ዘንድ ሲገባ ምን ይዞ ነበር? የአንዲት በግ ታሪክ! (2ኛ ሳሙ. 12) ዳዊት በባለጠጋው ላይ ተቆጣ፤ ባለጠጋው እሱ ራሱ መሆኑን ግን አላወቀም።

ቡንያን የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበረ፤ ድስት እየጠገነ የሚያድር ሰው። ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1660 ጀምሮ 12 ዓመት ያህል ታሰረ። “ከእንግዲህ አልሰብክም” ቢል ይፈቱት ነበር፤ አላለም። እዚያው ሆኖ የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። መጽሐፉ በ1678 ታተመ፤ ወደ አማርኛም የተመለሰው ገና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ታሪኩ ጀርባው ላይ ሸክም ስለታሰረበት መንገደኛ ነው። ቆጮ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ እናቶቻችን ይህንን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሰውየው ሸክሙን ራሱ መፍታት አቃተው። መስቀሉ ጋ ሲደርስ ግን ሸክሙ በራሱ ወደቀ፤ ሃሌ ሉያ!

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በመንገዱ ላይ ግትር አለ፣ ወላዋይ አለ፣ ለፍላፊ አለ። ስሞቹ ለሰው ለመለጠፍ ይመቻሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ወንድማችንን “ለፍላፊ” ብዬ ስም አወጣሁለት። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያ ወንድም በጸሎት ሰዓት ድምፁን አላሰማም።

ባለፈው ሳምንት ለዚህ ፕሮግራም ስዘጋጅ መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ። ለፍላፊ ማለት ለካ ውጭ ስለ እምነት አሳምሮ የሚያወራ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ የሆነ ሰው ነው። ወገኖቼ፣ ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ላይ ጮኬባት ነበር የወጣሁት። ስለ ፍቅር ልሰብክ! ማይክራፎኑ ፊት ከመቀመጤ በፊት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ያንን ወንድም ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ተስማምተናል፤ ስናነብ “ይሄ እኮ እገሌ ነው” አይባልም። እያንዳንዱ እሱ ራሱ የት ጋ እንደቆመ ይናገራል፤ መናገር ያልፈለገም ዝም ማለት ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ እንጀምራለን። ድምፅ አውጥተን ስለምናነብ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ይምጡ። የጠየቁኝ አባትም እመጣለሁ ብለዋል፤ መነጽራቸው ስለተሰበረ አንዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።