ጠጁም ብርሌውም
የምርምር ጽሑፍን ለምህንድስና መጽሔት ስለ ማዘጋጀትና ስለ መላክ በምህንድስና ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ድል ለማውራት አይደለም፤ ስለ ተመለሰ ወረቀት ለመናገር ነው። ከእኛ መካከል ሦስታችን አንድ መንፈቅ ሙሉ በቤተ ሙከራ ከረምን። ቀይ አሽ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር ስናቦካ፣ ኩብ ስንሞላ፣ ውሃ ውስጥ ስንዘፈዝፍ፣ በ28ኛው ቀን እያወጣን ስንሰብር ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ውጤቱም መልካም ሆነ። ጻፍነውና ወደ አንድ የምህንድስና መጽሔት ላክነው። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ገምጋሚ አላየውም፤ ስለ አርማታችንም አንድ ቃል አልተባለም። የአዘጋጁ መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጽሑፉ የመጽሔቱን የደራስያን መመሪያ ስላልተከተለ ወደ ግምገማ ሊያልፍ አይችልም የሚል ነው።

በመጀመሪያ ተቆጣን። «እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ዕውቀት ነው ወይስ የገጽ ጠርዝ?» አልን። ቁጣችን ሲበርድ መመሪያውን አወጣንና አነበብነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብነው ያን ዕለት ነው። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ ላይ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ኀፍረቱን ዋጥ አድርገን መናገሩን መረጥን።

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ጠጁ የቱን ያህል ቢጥም በቆሸሸ ጣሳ ቢቀርብ እንግዳው አይቀምሰውም። እኛም ጠጁን ስንጥል ብርሌውን ረሳን። ቅርጽ ከባሕር ማዶ የተጫነብን ዕዳ ነው የሚል ካለም አንድ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ይመልከት። ቁም ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል፤ ገጹን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ይከፍላል፤ የቅዱሳንን ስምና የክፍሉን መነሻ በቀይ ቀለም ይለያል። ይህን ሁሉ የሚደክመው ለጌጥ ብቻ አይደለም። እሱን የማያውቀው፣ ከእሱም በኋላ የሚወለደው አንባቢ መስመሩ ሳይጠፋበት እንዲያነብ ነው።

የምህንድስና ጽሑፍም የሚጻፈው ለማያውቀን ሰው ነው። ያ ሰው ቀይ አሹን ከየት እንዳመጣን፣ ምን ያህል ውሃ እንደጨመርን፣ ኩቡን በስንት ቀኑ እንደሰበርን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ ሙከራውን መድገም መቻል አለበት። አጠገቡ ቆመን ልናስረዳው አንችልም። እንግዲህ የቅርጽ ደንብ ሁሉ ምክንያቱ ይህ አንድ ነገር ነው። አሁን የተሳሳትነውን በየተራ እንንገራችሁ።

አንደኛ፤ መጽሔቱን ሳንመርጥ ጻፍን። መጽሔት የሚመረጠው ብዕር ከመያዙ በፊት ነው። የቅርብ ጊዜ ዕትሞቹን ማገላበጥ፣ የእኛን ዓይነት ጉዳይ ያወጣ እንደሆነ ማየት፣ የጽሑፉን ርዝመትና አቀራረብ መለካት ያስፈልጋል። በአገራችን የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች መጽሔት የሆነው «ዘዴ» አለ፤ ስለ አገራችን ድንጋይና አፈር የሚጽፍ ሰው እሱን ሳያነብ ወደ ባሕር ማዶ ቢሮጥ ደጁን ሳያይ ሩቅ የሚያማትር ነው።

ሁለተኛ፤ አጽሕሮተ ጽሑፋችን ቃል ኪዳን እንጂ ውጤት አልነበረም። «ይመረመራል፣ ይተነተናል፣ ይቀርባል» ብለን ሞላነው። አጽሕሮት ግን የተገኘውን መናገር አለበት። ምን ተጠየቀ፣ በምን ዘዴ ተሠራ፣ ምን ቁጥር ተገኘ፣ ከዚያስ ምን ይከተላል። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው አይ-ትሪፕል-ኢ ለመጽሔቶቹ የሚጠይቀው ከ150 እስከ 250 ቃል ነው። በዚያ ጠባብ ስፍራ ተስፋ የሚጽፍ ሰው ውጤቱን የሚጽፍበት ቦታ አያገኝም።

ሦስተኛ፤ መለኪያዎቻችን ተደበላለቁ። ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ስሙን ካገኘ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በእኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን አንዱ ዓምድ በሜጋፓስካል፣ ሌላው ከድሮ መማሪያ መጽሐፍ በተቀዳ ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ነበር። አንድ ሜጋፓስካል ወደ 10.2 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር እንደሚሆን አንባቢው ራሱ እንዲያሰላ ተውንለት። ይባስ ብሎ በአንድ ስፍራ የላቲኑን ትልቁን «ኤም» በትንሹ ተክተን ጽፈናል። ትልቁ ሜጋ ነው፤ ትንሹ ሚሊ ነው። ልዩነቱ 1,000,000,000 እጥፍ ነው። በዚያች ፊደል ምክንያት አርማታችን ከቅቤ የለሰለሰ ሆኖ ቀረበ።

ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ አያስቅም። ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋው አንደኛው ወገን በፓውንድ አስልቶ የሰጠውን የግፊት ቁጥር ሌላው ወገን በኒውተን የተሰላ መስሎት ስለተቀበለው ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበረ፤ መለኪያው ግን አብሮት አልተጓዘም።

በራሳችን ሙያም እንዲህ ያለ ወጥመድ አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ «ሲ-25» ሲባል ቁጥሩ የኩብ ጥንካሬ ነው። በአውሮፓው ደንብ «ሲ-25/30» ሲባል ግን 25ቱ የሲሊንደር፣ 30ው የኩብ ጥንካሬ ነው። «ሲ-25 አርማታ ተጠቀምን» ብሎ ዝም ያለ ጸሐፊ ለአንዱ አንባቢ አንድ አርማታ፣ ለሌላው ሌላ አርማታ ሰጠ ማለት ነው። ደንቡን ከነዓመቱ፣ ናሙናውን ከነመጠኑ መጻፍ ግዴታ ነው።

አራተኛ፤ የዘመን አቆጣጠራችንን ሳንገልጽ ጻፍን። የእኛ 2016 ዓ.ም. ከመስከረም 2023 እስከ መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። ዓመቱን ብቻ የጻፍን እንደሆነ የውጭ አንባቢ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይዞ ይሄዳል። ለአርማታ ይህ ነውር ብቻ ነው፤ የዝናብና የወንዝ ፍሰት ለምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ግን የአንዱን ዓመት ጎርፍ ከሌላው ዓመት ድርቅ ጋር ማጋባት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የእኛ ጧት 2 ሰዓት ለሌላው 8 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

አምስተኛ፤ ሥዕሎቻችን አይነበቡም ነበር። ግራፉን 18 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ፣ በ10 ነጥብ ፊደል አሳምረን ሠራነው። በሁለት ዓምድ የሚታተም መጽሔት ግን የአንዱ ዓምድ ስፋት ወደ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግራፉ በግማሽ ሲያንስ ፊደሉም 5 ነጥብ ሆነ፤ ጉንዳን የሄደበት መሰለ። ሥዕል ከመጀመሪያው በሚታተምበት መጠን ይሠራ። መስመሮቹም በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽ ይለዩ፤ በጥቁርና ነጭ አትሞ የሚያነብ ሰው ብዙ ነውና።

ስድስተኛ፤ ዋቢዎቻችን እንደ ገበያ ቀን ተቀላቀሉ። አይ-ትሪፕል-ኢ ዋቢዎችን በጽሑፉ ውስጥ በተጠሩበት ቅደም ተከተል በማዕዘን ቅንፍ ይቆጥራል፤ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔቶች ደግሞ የደራሲውን ስምና ዓመቱን ይጽፋሉ። እኛ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ አደረግን። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሁለቱን ዋቢዎች ሳናነባቸው ከሌላ ሰው ዝርዝር መቅዳታችን ነው። ያላነበቡትን መጥቀስ ያላዩትን መመስከር ነው፤ ይህ የቅርጽ ጉድለት ሳይሆን የሐሰት ምስክርነት ነው።

ሰባተኛ፤ ስማችን። አበበ ከበደ የተባለ ደራሲ ቢኖር የውጭው ማውጫ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ በ«ከበደ» ሥር ያስገባዋል፤ ልጁ ደክሞ አባቱ ይጠቀሳል። በሚቀጥለው ጽሑፉ የአያቱን ስም ቢጨምር ደግሞ በአያቱ ስም ይገባል፤ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ፀሐይን አንዱ በ«ቲ-ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ-ዜድ» ይጀምራታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኦርኪድ» የሚባል ባለ 16 አሐዝ የደራሲ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል፤ ስም ቢቀያየር ቁጥሩ አይቀያየርም። ዛሬ ማታ አውጡት።

ደራሲ የሚባለውም ለሥራው ድርሻ ያበረከተና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ብቻ ነው። ለክብር ተብሎ የሚጨመር ስም፣ ለቂም ተብሎ የሚፋቅ ስም ሁለቱም ነውር ናቸው። ጽሑፍ የሚያቀነባብሩት የዛሬ ዘመን መሣሪያዎችም ኃላፊነት ሊወስዱ ስለማይችሉ ደራሲ ሊሆኑ እንደማይችሉ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። የተጠቀመ ሰው መጠቀሙን ይግለጽ።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የራሳችን ዕዳ አለ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የቤተ ሙከራው ባለሙያ የመጀመሪያውን ጽሑፋችንን አገላብጠው አዩና ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ኩቡ ሲሰበር ነበርሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለሁም» አሉን። የምስጋና ክፍል ጨርሶ አልጻፍንም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን እንደገና ለማዘጋጀት አምስት ሳምንት ፈጀብን። መላክም የራሱ ሥርዓት አለው። አጃቢው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ምን እንዳገኘን፣ ለዚያ መጽሔት አንባቢ ለምን እንደሚጠቅም፣ በሌላ ስፍራ እንዳልታተመና ለሌላ መጽሔት እንዳልተላከ ይናገር። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ አንዲትን በግ ለሁለት ገበያተኛ እንደ መሸጥ ነው። ስም ተሸፍኖ በሚገመገምበት መጽሔት ደግሞ ስማችንን ከርዕሱ ሥር ብቻ ሳይሆን ከፋይሉ መረጃና ከምስጋናው ክፍልም አውጥተን ለብቻው እንልካለን።

በመካከሉ ፈተናም መጣ። አንድ ያልሰማነው መጽሔት «ጽሑፋችሁን በሦስት ቀን ገምግመን እናትማለን፤ ገንዘቡን ላኩ» ብሎ ጻፈልን። ልባችን ዘነበለ፤ አንክድም። ክፍያ መጠየቅ ብቻውን የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም፤ ለአንባቢ በነጻ የሚቀርቡ እውነተኛ መጽሔቶችም ያስከፍላሉ። ነገር ግን በሦስት ቀን አንብቦ፣ መርምሮ፣ አርሞ የሚጨርስ ገምጋሚ የለም። የአዘጋጆቹን ስም፣ የቀድሞ ዕትሞቹን፣ መምህራን የሚያውቁት መሆኑን ሳይጠይቁ መላክ ድካምን ገደል መጨመር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ለተከበረው መጽሔት የላክነው በዚህ ጊዜ ወደ ገምጋሚዎች አለፈ። ከሦስት ወር በኋላ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር መጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ጉልበታችንን አራደው፤ ቀይ አሽ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ነውና ከመቦካቱ በፊት በውሃ ርሶ ነበር ወይስ ደረቅ ነበር የሚል ነው። ይህ ካልታወቀ የውሃውና የሲሚንቶው መጠን አይታወቅም፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። እኛ አልጻፍነውም፤ አናስታውሰውምም። የቤተ ሙከራውን መዝገብ ስንገልጥ ግን በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ቅልቅል አንጻር፣ አሹ የተዘፈዘፈበት ሰዓትና ርጥበቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተመዝግቦ አገኘነው። የእጅ ጽሑፉ የጋሼ ነበር።

መልሳችንን ከነመዝገቡ ቁጥር ጻፍን። ለገምጋሚ መልስ የሚሰጠው ጥያቄውን ቀድቶ፣ ከሥሩ መልሱን አስፍሮ፣ በየትኛው ገጽ እንደታረመ አመልክቶ ነው፤ በማንስማማበትም ነገር ማስረጃ እንጂ ቁጣ አይጻፍም። የምስጋናው ክፍል ላይም የጋሼን ስም እሳቸው ራሳቸው በመረጡት አጻጻፍ አሰፈርን። ጽሑፉ አሁንም በገምጋሚዎቹ እጅ ነው። ይታተም አይታተም አናውቅም። ይህን ግን እናውቃለን፤ አሁን የማያውቀን ሰው ሊደግመው የሚችል ሥራ ሆኗል።

ወንድሞችና እህቶች፤ በየትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱትን የመመረቂያ ጽሑፎች ተመልከቱ። ስለ መረሬ አፈር እብጠት፣ ስለ አገር ድንጋይ፣ ስለ ጕድጓድ ውሃ ስንት ድካም እዚያ ተኝቷል! መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ ያን ሳያነብ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያ ዕውቀት የጎደለው ብርሌ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሰብሰብ። ማንኛውም ረቂቅ ከመላኩ በፊት በሙከራው ያልነበሩ ሁለት ተማሪዎች ያንብቡት፤ አንዱ መመሪያውን ይዞ፣ ሌላው «ይህን ሙከራ ብቻዬን ልደግመው እችላለሁን?» ብሎ እየጠየቀ። እኛ ሦስታችን የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ለመሆን ስማችንን አስመዝግበናል። ረቂቅ ያላችሁ አምጡ።