የእግር ሐኪም ለመሆን ያለው የትምህርት መንገድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካ ከሚያድጉት ልጆቻችን መካከል ሕክምናን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። ፖዲያትሪ የተባለውን የእግር ሕክምና ግን ከነስሙ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ከወላጆችም «ጥፍር ቆራጭ ልትሆን ነውን?» የሚል አይጠፋም። የኒውዮርኩ ትምህርት ቤት በ1911፣ የቺካጎው በ1912 እ.ኤ.አ. ሲቋቋሙ ሙያው በእርግጥ ከደነደነ ቆዳና ከጥፍር ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ ባለሙያው መድኃኒት ያዛል፣ አጥንት በቀዶ ሕክምና ያቃናል፣ በስኳር በሽታ የቆሰለውን እግር ከመቆረጥ ለማዳን ይደክማል።

ለመግባት በኮሌጅ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ከነቤተ ሙከራቸው መማር ያሻል። በደንቡ 3 የኮሌጅ ዓመታት ሊበቁ ቢችሉም፣ የሚመረጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ናቸው። የመግቢያ ፈተናው በአብዛኛው ኤምካት ነው፤ ማመልከቻውም በአንድ ማእከል በኩል ለበርካታ ትምህርት ቤቶች ይላካል። ትምህርቱ 4 ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ይመጣል፤ ብዙዎችን የሚያስጨንቀውም እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ዲግሪው የመንገዱ ፍጻሜ አይደለም። ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል 3 ዓመት የሬዚደንሲ ሥልጠና አለ፤ ያለ ሬዚደንሲ የሥራ ፈቃድ ማግኘት በአብዛኞቹ ስቴቶች የማይታሰብ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተመራቂው ቁጥር ከሥልጠናው ቦታ በልጦ፣ ዲግሪና ከባድ ዕዳ ይዘው ደጅ የቀሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ቢጨምርም፣ አመልካች ስለ ሕንፃው ውበት ከመጠየቁ በፊት ከተመራቂዎቹ ስንቱ ሬዚደንሲ እንዳገኘ፣ ስንቱስ ብሔራዊ ፈተናውን እንዳለፈ ይጠይቅ። ትምህርት ቤቶቹ ቁጥሩን ያወጣሉ።

ዲግሪው ለእግርና ለቁርጭምጭሚት ብቻ የተለየ መሆኑም አይዘንጋ፤ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ የውስጥ ደዌ ሐኪም ልሁን የሚል እንደገና ከሥር ይጀምራል። ድንበር ሲሻገርም ሙያው መልኩን ይለውጣል። በእንግሊዝ የእግር ሐኪም የሚኮነው በ3 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪና በመንግሥታዊ ምዝገባ ነው።

አገር ቤት ገብቶ ለማገልገል ለሚያስብ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ የሚያሠቃየው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ከቢላዋ ይልቅ ውሃን፣ ሳሙናን፣ ቅባትንና ጫማን ይሻል። ይህን በአሜሪካ ክሊኒክ አዘውትሮ የሚያይ ተማሪ አይኖርምና፣ ፈቃዱ በአገር ቤት ተቀባይነት እንዳለው ከመጀመሩ በፊት ከጤና ሚኒስቴር ያጣራ፤ ዕረፍቱንም እዚያ ከሚሠሩት ነርሶች ጋር ያሳልፍ።

በያዝነው ዓመት በእግር ሐኪም አጠገብ ቆመው ሥራውን ለመመልከት የሚሹ ወጣቶች ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለጸሐፊው ይስጡ።