የሥራችን መከናወንና የልባችን ፈተና

በአጥቢያ መሪዎችና በፕሮጀክት ሠራተኞች የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የክርስቲያን እምነትና የዚህ ዓለም ስኬት የሚያመጣው ፈተና ነው። ርእሱን ስንቀበል በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችን የመጡት ነጋዴዎች፣ ባለሥልጣኖችና ባለጠጎች ነበሩ። ስለ እነርሱ መናገር ቀላል ነው፤ ሀብታም በሌለበት ስለ ሀብታም ፈተና መስበክ ማንንም አያስቆጣም። ነገር ግን በጸሎት ስናስብበት ርእሱ ወደ ራሳችን ዞረ። እኛ የቤተ ክርስቲያን የልማት ሠራተኞች ነን። ደመወዛችን የሚያስቀና አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ገጠር በመኪና እንደርሳለን፤ ስንደርስ ወንበር ይቀርብልናል፤ ስንሄድ ሽማግሌዎች ተነሥተው ይመርቁናል። ዓለም ወደ እኛ የምትመጣው በወርቅ ሳይሆን በምስጋና ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ሥራ ሲበላሽ ስለሚመጣው ፈተና አይደለም፤ ሥራ ሲከናወን ስለሚመጣው ፈተና ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ ሰባ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ላከ። ኮረጆና ከረጢት አልያዙም። በተመለሱ ጊዜ የሥራቸውን ሪፖርት ለጌታ አቀረቡ፤ አጋንንት እንኳ በስሙ እንደ ተገዙላቸው በደስታ ነገሩት። ሪፖርታቸው እውነት ነበር፣ ጌታም አላስተባበለውም። ነገር ግን ደስታቸው የቆመበትን ስፍራ ለወጠው። መናፍስት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን፣ ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው አዘዛቸው።

ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል አንብበን አልፈነዋል። ሥራችን መልካም ሆኖ ሳለ ጌታ ስለ ምን ያስጠነቅቀናል? አሁን እንደሚገባን ምክንያቱ ይህ ነው፤ ደስታው በውጤት ላይ የቆመ ሠራተኛ ውጤቱ ሲጎድልበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ይዋሻል። እኛ ሁለተኛውን አድርገናል። የአጥቢያይቱ ሽማግሌዎች ፈቅደውልናልና ነገሩን እንደ ሆነ እንነግራችኋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወላይታ ደጋ በአንድ ቀበሌ ምንጭ አጎለበትን። የምንጩን ዓይን ቆፍረን፣ በጠጠር አጣርተን፣ በሲሚንቶ ሣጥን ዘጋነው። ውኃው ከዚያ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ከማጠራቀሚያውም ወደ አምስት ቦኖዎች ይወርድ ነበር። ሕዝቡ ድንጋዩንና አሸዋውን በትከሻው ተሸከመ፤ የቧንቧውን ቦይ ቆፈረ። ቀድሞ እናቶችና ልጃገረዶች ሌሊት ተነሥተው ገደል እየወረዱ፣ 20 ሊትር ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጡ ነበር። ውኃው የተከፈተ ቀን ብዙዎች አለቀሱ። ያን ቀን ለእግዚአብሔር ያቀረብነው ምስጋና እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አንክደውም።

በሦስተኛው ዓመት በጋ ግን ውኃው እየቀነሰ መጣ፤ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቦኖ ፈጽሞ ደረቀ። የውኃ ኮሚቴው መልእክት ላከብን። ሄደን አየን፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የአጥቢያይቱ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለአገራችን ማገዶና ምሰሶ የሆነ ጠቃሚ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ ስለሚያድግ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ በምንጭ አጠገብ እንዳይተከል ይመከራል። ይህን እናውቅ ነበር። ችግኙን ለአጥቢያይቱ የሰጠነውም እኛው ነበርን፤ በሪፖርታችንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋን እንድትችል የሚረዳ ሥራ ብለን ጽፈነዋል። ዛፉ ሲደርስ ተሽጦ የጸሎት ቤቱን በአዲስ ቆርቆሮ ሊያለብስ ነበር። እንግዲህ ሁለት የምንኮራባቸው ሥራዎች ነበሩን፤ አንዱ ሌላውን ይጠጣው ነበር።

ምን አደረግን? በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አንዱ ቦኖ አነስተኛ ጥገና ያስፈልገዋል ብለን ጻፍን። ይህ ውሸት ነው ብሎ የሚይዘን ሰው አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራውን ከሚደግፉት አብያተ ክርስቲያናት እንግዶች መጡ። እኛም በሌላው መንገድ ወሰድናቸው። አራቱን ቦኖዎች አዩ፤ ሕፃናት ዘመሩላቸው፤ በስልካቸው ፎቶግራፍ አነሡ። ለመመለስ ጊዜው መሽቷል ተባለና አምስተኛውን ሳያዩ ሄዱ። በመኪናው ውስጥ ማናችንም ስለዚያ ቦኖ አልተናገርንም። ከመካከላችን ማንም በአንዲት ሳንቲም አልተጠቀመም። ይህም ራሱ ልባችንን ያረጋጋ ነበር፤ ገንዘብ ስላልሰረቅን ንጹሐን የሆንን መሰለን።

በሳምንቱ ስንመለስ በመስመሩ ጫፍ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን። ቡናው የተፈላው ከገደል በመጣ ውኃ ነበር። ጠጥተን ስንጨርስ በወላይትኛ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እንግዶቹን የሞላውን አሳያችኋቸው፤ መልካም ነው። የጎደለውን ግን ለማን ተዋችሁት?»

መልስ አልነበረንም። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደንቀውን ሥራ እንዲያሳይ መጠየቁ ነበር። ጌታ ለመታየት ብሎ አንዲት እርምጃ አልተራመደም። እኛ ግን ለመታየት ብለን መንገድ ቀየርን።

ወዳጆች ሆይ፣ ይህ የሆነበት ምድር ታሪክ ያለው ምድር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። በጀትም፣ መኪናም፣ ሪፖርት የሚቀበል ቢሮም አልነበራቸውም። ብዙዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። ይህን የምናነሣው ድህነትን ለማወደስ አይደለም፤ ውኃ የሌላት እናት ድህነትን አታወድስም። የምናነሣው እነዚያ አባቶችና እናቶች የሚያሳዩት ነገር ሳይኖራቸው ደስታ እንደ ነበራቸው ለማስታወስ ነው።

ደግሞም በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ደብዳቤው የሰው ሥጋዊና መንፈሳዊ ፍላጎት እንደማይነጣጠል ገልጦ፣ ለጋሾች ለልማት ፕሮጀክት ብዙ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን እምብዛም አለመስጠታቸውን ጠየቀ። ገንዘብ ከሚሰጥ ወዳጅ ጋር እንዲህ በግልጽ መነጋገር ቀላል አይደለም። ዕርዳታውን ላለማጣት ዝም ማለት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ኋላም በደርግ ዘመን ከእስር ወጥተው ሳለ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቀርቦላቸው ነበር። በውጭ አገር ክብርና ደኅንነት ይጠብቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን መንጋውን በመከራ ቀን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ባለቤታቸውም ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ። ለጋሽን እውነት መናገር የቻለ ሰው ለገዳይም አልተንበረከከም።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት የተባሉት ከመቶ 10.2 ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ 18.6 ሆኑ። በድብቅ እንሰበሰብ የነበርን ሰዎች ዛሬ በአደባባይ በክብር ወንበር እንቀመጣለን። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን እስር ቤት ያላጠፋትን ቤተ ክርስቲያን የክብር ወንበር ሊያደክማት ይችላል። እንዲያውም ሀብትና ጤና የእምነት ማረጋገጫ ነው ብለው የሚያስተምሩ ተነሥተዋል። እነርሱን ወደዚያ ደረቅ ቦኖ ወስደን ብንጠይቃቸው እንወዳለን፤ በመስመሩ ጫፍ የምትኖረው እናት እምነት ስለ ጎደላት ነውን ውኃ ያጣችው? ውኃውን የጠጣው የእኛው የብልጽግና ዛፍ ነው እንጂ! ይህን ስንል ግን ራሳችንን ከእነርሱ ለይተን አይደለም። እነርሱ በስብከት የሚሉትን እኛ በፎቶግራፍ ብለነዋል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከዚያ ቡና በኋላ ተሰብስበን ጸለይን፤ ለደጋፊዎቻችንም እውነቱን ጻፍን። ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ሦስት ጊዜም ቀደድነው። መልሱ ሲመጣ ስለ እውነቱ ያመሰግናል፤ ነገር ግን ባለሙያ መጥቶ እስኪመረምር ለሚቀጥሉት ሁለት መንደሮች የተያዘው ገንዘብ እንዲቆይ ይላል። እነዚያ ሁለት መንደሮች ተጨማሪ አንድ በጋ ከገደል ቀዱ። እውነትን ስንናገር ሁሉ ይቃናል ብለን አንነግራችሁም። የእኛን መዘግየት የከፈሉት እኛ አልነበርንም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነናል። በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ብንጽፈው ኖሮ ምናልባት ያ በጋ ባልባከነ ነበር።

ከደብዳቤው ይልቅ የከበደው የዛፉ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተሰበሰቡ። ዛፉ ገና አልደረሰም፤ ሁለት ዓመት ቢጠበቅ ዋጋው እጥፍ ይሆናል የሚሉ ነበሩ። የጸሎት ቤቱ ጣራ ያፈስሳል፤ ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ አንድ አባት ተነሥተው፣ ጣራው ቢያፈስስ የምንረጥበው እሑድ ብቻ ነው፤ ሴቶቻችን ግን በየቀኑ ገደል ይወርዳሉ አሉ። ዛፉ እንዲቆረጥ ተስማሙ። ያልደረሰ ነበርና በርካሽ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለቆርቆሮ አልበቃም። የምንጩ ሣጥን ደለሉ ተጠረገ፤ በተዳፋቱ ላይ አገር በቀል ችግኝ ተተከለ። ከሁለት ክረምት በኋላ አምስተኛው ቦኖ እንደ ገና ፈሰሰ። እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ጄሪካን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ጣራውም እስከ ዛሬ ያፈስሳል። በዚያ ጣራ ሥር የምናመልከው አምልኮ ግን የተለየ ነው።

ስለዚህ፣ ለአጥቢያ መሪዎችና ለሥራ ባልደረቦቻችን የምንለምነው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ በየሪፖርታችን ላይ ያልተሳካውን ከተሳካው እኩል በግልጽ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ ወደ ተበላሸው ሥራ እንውሰደው። ሦስተኛ፣ በመኪናውም ሆነ በአበሉ ከሕዝቡ የሚለየን ነገር ሲበዛ እርስ በርሳችን እንነጋገር፤ ዝም አንባባል። ለእናንተም ለደጋፊዎቻችን፦ በልባችሁ የሞሉ ቦኖዎችን ፎቶግራፍ ብቻ አትጠብቁብን። መልካም ወሬ ብቻ የሚወድ ወዳጅ ሳያውቀው ውሸት ያስተምረናል። ስለ ሥራችን ብቻ ሳይሆን ስለ ልባችንም ጠይቁን።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ባሕር ዛፍ የተከለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዛፉ ቢቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል። በዚያ ተዳፋት ላይም በየዓመቱ አዲስ ቡቃያ ይወጣል፤ ወጣቶቹም ከዝናብ በኋላ መጥረቢያ ይዘው ይወጣሉ። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ እንኳ ስለ መናዘዛችን እንድትመሰገኑን ፈልገን እንደ ሆነ ራሳችንን ጠይቀናል። ጉቶው ገና አልሞተም። እንግዲህ ጸልዩልን። ጌታ ለሰባዎቹ የሰጠውን ደስታ ለእኛም ይስጠን፤ ቦኖው ሲሞላ የማይታበይ፣ ሲደርቅም የማይዋሽ ደስታ።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።