ፎቶግራፍ አጉልቶ ስለ ማሳተም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም የፈጀነው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስናስገባና ስናስወጣ ነው። ስለዚህ ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ ልንናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ቢሆንም ነገሩን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነውና ትንሽ ታገሡን።

በ2014 ዓ.ም. ታላቅ እህታችን በሌሊት ዐረፈች። ቀብሩ በማግሥቱ በ9 ሰዓት ነበር። ድንኳኑ ሲተከል በመግቢያው ላይ የሚቆም ትልቅ ፎቶግራፍ ይምጣ ተባለ። አንድ ዘመዳችን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ የሠርግ ፎቶ ላከልን። እኛም ያንኑ ለአንድ ፎቶ ቤት አስተላለፍንና 60 በ80 ሳንቲ ሜትር ይሁን አልን። በስልኩ ላይ ሲታይ እኮ ጥርት ያለ ነበር! ሲታተም ግን ፊቷ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተሞላ። ፎቶ ቤቱ «ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ በኮምፒዩተር አጠራው። እውነትም ጠራ፤ ዓይኑ ግን የእርሷ ዓይን አልነበረም፤ በግራ ጉንጯ ላይ የነበረው ማርያም የሳመቻት ምልክትም ጠፍቷል። በማግሥቱ ከቤሩት የደረሰችው ልጇ ከመኪና እንደ ወረደች ፎቶውን አየችና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች። ከዚያ በኋላ ገልብጣ አቆመችው፤ እስከ ሠልስቱም ድረስ እንደ ተገለበጠ ቆየ። ማንም ደፍሮ ያቀናው የለም።

ፎቶ ቤቱን ስንወቅስ ከረምን። ኋላ ነገሩን ስናጣራ ግን ጥፋቱ የኛው ሆኖ ተገኘ።

በታይፕ ዘመን የሠራ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ደብዳቤ በካርቦን 5 ቅጂ ሲወጣ የመጨረሻው ቅጂ ፊደሉ ደብዝዞ «ሀ» ይሁን «ሰ» ለመለየት ያስቸግር ነበር። እኛ ለፎቶ ቤቱ የሰጠነው እንግዲህ 5ኛውን ቅጂ ነው፤ ዋናው በአንሺው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዲጂታል ፎቶ ማለት እንደ ስፌት አለላ የተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች ናቸው፤ ፒክስል ይሏቸዋል። ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ስልክ በርዝመቱ ወደ 4000፣ በወርዱ ወደ 3000 ነጥብ ያነሣል። ቴሌግራም ግን በተለመደው መንገድ ሲላክበት እንዳይከብድ ያሳንሰዋል። ለኛ የደረሰን 1280 በ960 ብቻ ነበር። 80 ሳንቲ ሜትር 31 ኢንች ተኩል ያህል ነው፤ 4000ው ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ኢንች 127 ነጥብ ይደርሳል። 1280ው ሲካፈል ግን 40 ነጥብ ብቻ! ይኸውም እያንዳንዱ ነጥብ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ወፈረ ማለት ነው። አንዳንድ ባለሙያ 300 ካልሆነ አይታተምም ይላል፤ በእጅ ለሚያዝ ፎቶ እውነቱን ነው። ከ3 ሜትር ርቀት ለሚታይ ግን ከ100 እስከ 150 በቂ ስለሆነ በዚህ አትደንግጡ።

ስለሆነም ፎቶ ስትጠይቁ መጀመሪያ ያነሣውን ሰው ፈልጉ፤ «እንደ ፋይል አድርገህ ላክልኝ» በሉት። በፋይል መልክ ሲላክ ሳይቀነስ ይደርሳል። በስክሪን ሾት የተወሰደውንማ ጭራሽ አትቀበሉ። ልጆቻችሁም የፎቶውን ዝርዝር ከፍተው ይዩላችሁ፤ ሜጋ ባይት የሚል ከሆነ ተስፋ አለው፣ ጥቂት ኪሎ ባይት የሚል ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ። መጠኑንም 60 በ80 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስልክ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው 3 ለ4 በሆነ ልክ ነው፤ 60 በ90 ካላችሁ ከአንድ ወገን መቆረጥ አለበት። ከ20 ሰው መካከል የአንዱን ፊት ቆርጦ ማጉላትም ከንቱ ድካም ነው፤ 100 ነጥብ የማይሞላ ፊት ከየት መጥቶ ግድግዳ ይሞላል?

ስለ ማጥራቱ ነገር አንድ ቃል እንጨምር። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ የሚያጠሩ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። እነዚህ የጠፋውን መልክ ፈልገው አያገኙም፤ ከሌሎች ብዙ ፊቶች የተማሩትን ገምተው ይሞላሉ እንጂ። ለቀሚስና ለመጋረጃ ይሁን፣ ፊት ላይ ግን እኛ አንፈቅድም። ከተሠራም ሟቹን በደንብ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይታተም። ደብዛዛ ቢሆን እንኳ የራስ ፊት ይሻላል፤ መጠኑን አሳንሶ 20 በ27 ማሳተም ነው።

የድሮ ጉርድ ፎቶ ብቻ ላላቸው ደግሞ መንገድ አለ። በስልክ አታንሡት፤ ያብረቀርቃል፣ ይጣመማልም። ስካነር ያለው ቤት ወስዳችሁ በ1200 ይነበብልን በሉ። 3 በ4 የሆነው ጉርድ 10 እጥፍ አድጎ 30 በ40 ሲሆን ለአንድ ኢንች 120 ነጥብ ይቀረዋል። ወረቀቱ ራሱ ካልጠራ ግን ቁጥሩ ብቻውን አያጠራውም። ኔጋቲቩ ከተገኘማ ከሁሉም ይበልጣል፤ እባካችሁ በየሣጥኑ ውስጥ ፈትሹ።

የእህታችንን ዋናውን ፎቶ ያገኘነው ከ8 ወር በኋላ ነው፤ በአንድ የወንድማችን ልጅ አሮጌ ስልክ ውስጥ፣ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ተጥሎ ነበር። በዚያው መጠን አሳተምነው። ምልክቷ በጉንጯ ላይ ነበረ። ልጇም ለዓመቱ ስትመጣ ፊት ለፊቱ ቆማ ብዙ ቆየች፤ አልገለበጠችውም።

በሕይወት ያለን ሰው ለዚህ ብሎ ፎቶ ማንሣት ሟርት ነው የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ታዲያ እኛ በየወሩ መዋጮ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ድንኳኑንስ የገዛነው ለሠርግ ነው እንዴ? (ለሠርግም ይከራያል፣ እሱስ ልክ ነው።)

ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ወንበር እናስቀምጣለን፤ የጠዋቱ ብርሃን እዚያ ጥሩ ነው። ልጃችን ስልኩን ይዞ ይቆማል፤ ሌንሱንም ጠርጎታል። የሚነሣ ሁሉ ፎቶው ሳይቀነስ በፋይል ይላክለታል፤ የፈቀደ ሰው አንድ ቅጂ በእድሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ በስሙ ይቀመጥለታል። ክፍያ የለውም። እናቶች፣ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ በተራ ኑ።