ስለ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ አጠጋገን የተደረገ ንግግር

(በማኅበራችን የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ሳይታይ አይቀርም። ዓለምን ሁሉ በኪሱ ይዞ የሚዞር ተማሪ ስለ አሮጌ ራዲዮ ምን አስጨነቀው የሚል ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን የዛሬው ስልክ ሲበላሽ ከፍተን ብናየው አንድ ጥቁር ሰሌዳ ከማየት በቀር ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ አንችልም። የቫልቭ ራዲዮ እንዲህ አይደለም። ሆዱ ሲከፈት ሥራው ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ላይ በሥዕል ብቻ የምናውቀው የኦም ሕግ በዚያ ሣጥን ውስጥ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። በእጅ መያዙ ግን አደጋ አለው፤ ወደዚያው እንመለሳለን።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነን አንድ ራዲዮ ነው። የአንድ ጓደኛችን አያት ናቸው ያመጡልን። ባለቤታቸው ገና ወጣት ሳሉ የገዙት፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውን የብሥራተ ወንጌልን ጣቢያ ያዳምጡበት የነበረ ነው። ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሰ በኋላም ሌላ ሌላውን ሲያሰማ ኖሮ፣ አንድ ቀን ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን የጠረጴዛ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ጠጋኝ ዘንድ ተወስዶ ነበር። ጠጋኙም “ይህ ከእንግዲህ አይሠራም፤ የውስጡን አውጥተን እንጣለውና የቻይና ሰሌዳ እንክተትበት፤ ውጭው እንደ ነበረ ይቀራል” ብሎ ምክር ሰጣቸው። ልጆቻቸው ወደዚህ ሐሳብ አዘነበሉ። እማማ ግን “ታዲያ ራዲዮው ወዴት ሄደ ልበል?” ብለው ጠየቁ። መልስ የሚሰጣቸው ባለመገኘቱ ለእኛ አንድ ወር ተሰጠን፤ በዚያ ወር ካልተናገረ ወደ ጠጋኙ እንዲመለስ ተወሰነ።

በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት አምስት ቫልቮች ናቸው። በአውሮፓ ቫልቭ ላይ የተጻፈው ፊደል ለሚያውቀው ሰው እንደ ስም ዝርዝር ያገለግላል። የመጀመሪያው ፊደል ማሞቂያው የሚፈልገውን ኮረንቲ ይናገራል፤ “ኢ” ሲሆን 6.3 ቮልት ማለት ነው። የሚከተሉት ፊደሎች ሥራውን ይነግራሉ። ኢ.ሲ.ኤች. 81 ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ራሱ ከሚሠራው ሌላ ሞገድ ጋር ያቀላቅላል፤ ኢ.ኤፍ. 89 ከቅልቅሉ የተገኘውን ያጎላል፤ ኢ.ቢ.ሲ. 81 ድምፁን ከሞገዱ ለይቶ ያወጣል፤ ኢ.ኤል. 84 ለድምፅ ማጉያው ጉልበት ይሰጣል፤ ኢ.ዜድ. 80 ደግሞ ተለዋዋጩን ኮረንቲ አንድ አቅጣጫ አስይዞ ለሁሉም ይመግባል። አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 ያገኘው የቅልቅል ዘዴ ይኸው ነው፤ በኪሳችሁ ያለው ስልክም ቢሆን ከዚሁ ዘዴ ልጆች አንዱ ነው።

አሁን ስለ አደጋው። በእንዲህ ያለ ራዲዮ ውስጥ ከ250 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኮረንቲ አለ። ይህ ሰው ይገድላል። ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ኮረንቲውን አጠራቅመው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በ1000 ኦም፣ 5 ዋት በሚችል ሬዚስተር አፍስሰን፣ ባዶ መሆናቸውንም በቴስተር ሳናረጋግጥ አንዲት ሽቦ አልነካንም። በካቻቪቴ አገናኝቶ ብልጭታ ማስወጣት የጀግና ሥራ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ አንመክርም። በርቶ ሳለ በሚለካበት ጊዜ ግራ እጅ በኪስ ይሁን፤ ኮረንቲው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ብቻውን የሚሠራም አይኑር።

ስለዚህ ራዲዮው እንደ መጣ ስፒናውን ወደ ሶኬት አልከተትንም። ባለቤቶቹ “እስቲ መጀመሪያ እናብራውና እንየው” ማለታቸው ያለ ነው፤ ለብዙ ዘመን የተቀመጠ ራዲዮ ግን በዚያች “እስቲ” የተነሣ ትራንስፎርመሩን ያጣል። በመጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን በኋላው በኩል ያለውን የቮልት መምረጫ አየን፤ 220 ላይ ነው፤ ደኅና። ፊውዙን ስናይ ግን በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘን። ማን እንዳደረገው አይታወቅም። ፊውዝ የሚቃጠለው ስለ ታመመ ሳይሆን ሌላው እንዳይቃጠል ነውና፣ ይህን ማድረግ ዘበኛውን አሥሮ በሩን እንደ መክፈት ያለ ነው። ሽቦውን አውጥተን ትክክለኛውን ፊውዝ አገባን።

ቀጥሎ ራዲዮውን ከአንድ የ100 ዋት አምፑል ጋር በተከታታይ አገናኘን። አምፑሉ ሽቦው የሚግለው የቀድሞው ዓይነት መሆን አለበት፤ የዛሬው ኤል.ኢ.ዲ. ለዚህ አይሆንም። በራዲዮው ውስጥ ሁለት ሽቦ ተገናኝቶ እንደ ሆነ አምፑሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ራዲዮው ግን አይቃጠልም። ኢ.ዜድ. 80ን ከቦታው አንሥተን ስናበራ አምፑሉ ደብዘዝ እንዳለ ቀረ፣ የሌሎቹም ቫልቮች ማሞቂያ ቀይ ሆኖ ታየ። ትራንስፎርመሩ ደኅና መሆኑን በዚህ ዐወቅን። ይህ ባይሆን ኖሮ ጠጋኙ እውነቱን ነበር ለማለት በተገደድን፤ ሌላው ሁሉ ይተካል፣ ትራንስፎርመር ግን እንደ ገና ይጠመጠማል፤ ጠምጣሚውም ዋጋውም በቀላሉ አይገኝም።

በአሮጌ ራዲዮ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞተው ኮንደንሰር ነው። ቫልቭ ብዙዎች እንደሚገምቱት ቶሎ አያረጅም፤ አምስቱም ቫልቮች በሥራ ላይ ተገኝተዋል። ኤሌክትሮሊቲክ የተባለው ኮንደንሰር በውስጡ እርጥበት ስላለው በዘመን ብዛት ይደርቃል። ይህ ሲሆን ራዲዮው እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል። በወረቀት የተሠራው ደግሞ የአየር እርጥበት እየሳበ ያፈስሳል፤ ማለት ኮረንቲውን ከልክሎ መያዝ ሲገባው ያሳልፋል። ኤሌክትሮሊቲኮቹን ሳንመረምር በአዲስ ለወጥናቸው፤ በዚህ ላይ መመራመር ጊዜ ማጥፋት ይመስለናል። 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት የሚችለው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሱቆች አይጠፋም። ከቀድሞው ብዙ የሚበልጥ መጠን መክተት ግን ሬክቲፋየሩን ያደክማል።

አሁን ኢ.ዜድ. 80ን መለስን። አምፑሉ ቦግ አለና ደብዘዝ ሳይል እንደ ደመቀ ቀረ። አንድ ነገር ከሚገባው በላይ እየበላ ነው ማለት ነው። ማነው? እዚህ ላይ የኦም ሕግ ለሥራ ተጠራ። የኢ.ኤል. 84 ካቶድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በአንድ 135 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ጤናማ ሲሆን በዚያ ላይ የሚለካው ወደ 7.3 ቮልት ነው፤ ለ135 ስናካፍለው 54 ሚሊ አምፔር ይሆናል። እኛ ያገኘነው 10.8 ቮልት ነበር፤ ይኸውም 80 ሚሊ አምፔር፤ ያውም ገና አምፑሉ በመንገድ ላይ ቆሞ ኮረንቲውን እየቀነሰ ሳለ! የዚህ ቫልቭ አኖድ ሊሸከም የተፈቀደለት 12 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ሲሠራ ቢቆይ ራሱም ከርሱ ጋር የተያያዘው የድምፅ ትራንስፎርመርም ይሞታሉ። ወዲያው አጠፋን።

ጥፋቱ የቫልቩ አይደለም። ከርሱ በፊት ካለው ቫልቭ አኖድ ድምፁን ወደ ግሪዱ የሚያሻግር አንድ ትንሽ ኮንደንሰር አለ፤ ድምፁን ያሳልፋል፣ ቀጥተኛውን ኮረንቲ ግን ማገድ አለበት። በግሪዱ በኩል ያለውን እግር ፈትተን፣ አብርተን በነፃው ጫፍ ላይ ስንለካ ዜሮ መሆን ሲገባው 18 ቮልት አሳየን። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ዕቃ ነው። በ630 ቮልት የፕላስቲክ ኮንደንሰር ለወጥነው፤ የካቶዱ ቮልት ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አምፑሉም ደበዘዘ።

ከዚህ በኋላ ራዲዮው ሕያው ሆነ፤ ጣቢያ ግን የለም። የድምፅ መቆጣጠሪያውን የመሃል እግር እጀታው በተሸፈነ ካቻቪቴ ጫፍ ስንነካው “እዝ” አለ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍል ሁሉ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ ንክኪ ፍለጋውን ለሁለት ከፈለው። ቀጥሎ ያደረግነው ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ስለሆነ በተለይ ልናስታውቃችሁ እንወዳለን። የራዲዮውን መርፌ 600 ኪሎ ሳይክል ላይ አቁመን፣ አንድ ትንሽ የባትሪ ራዲዮ አጠገቡ አምጥተን በ1050 አካባቢ ፈለግን። የቅልቅል ቫልቩ የራሱን ሞገድ የሚሠራ ከሆነ ከጣቢያው በ450 ያህል ከፍ ብሎ ይገኛልና፣ ትንሿ ራዲዮ እዚያ ላይ ሹክሹክታዋን ታቆማለች። አላቆመችም። ኢ.ሲ.ኤች. 81 ሞገድ እየሠራ አልነበረም። የዚያን ክፍል አኖድ ብንለካ ቮልት የለም፤ ከሬዚስተሩ ወዲያ ማዶ ግን ከ200 በላይ አለ። ሬዚስተሩ ከውጭ አንዳች ምልክት ሳይታይበት ውስጡ ተቆርጧል። በየድነው፤ ትንሿ ራዲዮም ዝም አለች፤ ትልቁም የጣቢያ ድምፅ አሰማ። ይህ የሆነው በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው።

በክበባችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ጉዳይ ነው። አንዳንዶቻችን አዲሶቹን ኮንደንሰሮች በአሮጌዎቹ ቀፎ ውስጥ ሸሽገን እንደ ጥንቱ እናስመስለው አልን። ሌሎቻችን ተቃወምን፤ የተቃወሙትም አሸነፉ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ምን እንደ ተለወጠ ማየት አለበት፤ መሸሸግ ማታለል ነው። አሮጌዎቹ ዕቃዎች የተለወጡበት ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በከረጢት ሆነው በሣጥኑ ውስጥ ተቀመጡ። ጠጋኙ ያሰበውን የቻይና ሰሌዳ በሚመለከት፣ እንጨቱ በምስጥ ተበልቶ ውስጡ ዝጎ ላለቀ ራዲዮ ነውር ነው አንልም። ትራንስፎርመሩና ቫልቮቹ ደኅና ሳሉ ግን ሦስት አራት ርካሽ ዕቃ ስላረጀ ሁሉን አውጥቶ መጣል፣ ጥርሱን ያመመው ሰው አንገቱን ይቆረጥ እንደ ማለት ነው።

ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት የከተማ ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ የስዊሱ ቤሮሙንስተር እንኳ በመካከለኛ ሞገድ ማሰራጨቱን እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አቁሟል። አጭሩ ሞገድ ግን ማታ ማታ አሁንም ይናገራል። እማማ የሚመቻቸውን ቦታ በመርፌው ራሳቸው ፈልገው አገኙ፤ ምልክት እናድርግበት ብንላቸው “እጄ ያውቀዋል” አሉን።

በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ራዲዮ ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁ ኑ። ሁለት ነገር ብቻ እናስታውቃለን። በመጠምጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉትን የብረት ብሎኖች ማንም እንዳያዞራቸው፤ በፋብሪካ የተስተካከሉ ስለሆኑ ያለ መሣሪያ አይመለሱም። ሁለተኛም ቫልቮቹ “ዩ” በሚል ፊደል የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩ.ሲ.ኤች. 81፣ እነዚህ ትራንስፎርመር የሌላቸው፣ ሻንሲያቸውም ከመንገድ ኮረንቲ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ፣ የሚለይ ትራንስፎርመር እስክናገኝ ድረስ አንከፍታቸውም።